ስምጥ ሸለቆ በዓመት ስንት ይከፈታል? ከቦታው የማይነቃነቀው ጂፒኤስ እንዴት ይለካዋል?

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ባሰበት። የካቲት 7 ቀን ደግሞ መጠኑ 6 ገደማ የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖረውም ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ነቅቶ ቤተሰቡን ቀሰቀሰ። በዚያ ሰሞን ዜናው ሁሉ «ከምድር በታች ቅልጥ አለት እየገፋ ነው»፣ «መሬቱ ይህን ያህል ሴንቲሜትር ተራራቀ» ይል ነበር። ብዙ ሰው የጠየቀው ጥያቄም ተገቢ ነበር፦ ይህን ማን አየው? በምንስ ለካው?

መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ከሰማይ ሆኖ የምድርን ገጽ በራዳር የሚያነሳ ሳተላይት ነው። ሁለተኛው ብዙም የማይወራለት፣ አለት ላይ ተተክሎ ለዓመታት ንቅንቅ የማይል የጂፒኤስ ጣቢያ ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለ ሁለተኛው ነው።

ስልኬም ጂፒኤስ አለው፤ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሳተላይቶቹ ያው ናቸው። የአሜሪካው ጂፒኤስ ይባላል፤ ሩሲያ ግሎናስ፣ አውሮፓ ጋሊሊዮ፣ ቻይና ቤይዱ የሚባሉ የራሳቸው አላቸው። ባለሙያዎች ሁሉንም በአንድ ስም ጂኤንኤስኤስ ይሏቸዋል። እኛ አገር ግን ሁሉም «ጂፒኤስ» ነው፤ እኔም እንደዚያው ልቀጥል።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው አቶሚክ ሰዓት ይዘዋል። ሥራቸው «እኔ እገሌ ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ጋ ነው፣ ሰዓቱ ይህ ነው» እያሉ ያለማቋረጥ በሬዲዮ ማሰራጨት ነው። መሬት ላይ ያለው መቀበያ መልእክቱ የተላከበትንና የደረሰበትን ጊዜ ያነጻጽራል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ጊዜው ወደ ርቀት ይቀየራል። የአራት ሳተላይቶች ርቀት ከታወቀ ቦታው ተገኘ ማለት ነው፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የመቀበያውን ርካሽ ሰዓት ለማረም።

እዚህ ላይ አንዲት ቁጥር መያዝ ይጠቅማል። የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ያህል የሰዓት ስህተት ርቀቱን በ30 ሴንቲሜትር ያሳስታል። ስለዚህ ስልክዎ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ቢሳሳት አይገርምም። ታክሲ ለመጥራት ይህ ከበቂ በላይ ነው። በዓመት 5 ሚሊሜትር የሚሄድ መሬት ለመለካት ግን ከንቱ ነው።

ታዲያ ሜትሩ እንዴት ወደ ሚሊሜትር ይወርዳል?

የምርምር ጣቢያ የሳተላይቱን መልእክት ከመስማት አልፎ መልእክቱን የተሸከመውን ሞገድ ራሱን ይለካል። ዋናው የጂፒኤስ ሞገድ ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ 19 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል። ጥሩ መቀበያ ከዚያ 19 ሴንቲሜትር ውስጥ የትኛው ነጥብ ላይ እንዳለ እስከ መቶኛው ድረስ መለየት ይችላል። ይህም ወደ 2 ሚሊሜትር ማለት ነው።

ግን አንድ ችግር አለ። ልብስ ሰፊ የያዘውን ሜትር ያስቡ፤ ቀጫጭን የሚሊሜትር መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ የሴንቲሜትር ቁጥሮቹ ግን በአገልግሎት ብዛት ተፍቀዋል። ጫፉ በየትኛው ቀጭን መስመር ላይ እንዳረፈ ያያሉ፤ 40 ላይ ይሁን 70 ላይ ግን አያውቁም። የጣቢያውም ነገር እንዲሁ ነው። በእሱና በሳተላይቱ መካከል ከ100 ሚሊዮን በላይ ሙሉ ሞገዶች አሉ፤ የመጨረሻዋን ቁራጭ በትክክል ያነባል፣ ሙሉዎቹ ስንት እንደሆኑ ግን ሞገዱ ላይ አልተጻፈም።

መፍትሔው ጊዜ ነው። ሳተላይቱ ሰማዩን አቋርጦ ሲሄድ ርቀቱ በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ከብዙ ሳተላይቶች ለሰዓታት የተሰበሰበውን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያስማማ የቁጥር ስብስብ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተር እሱን ይፈልጋል። ጣቢያው ራሱ የማይንቀሳቀስ መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። መኪና ላይ ያለ ስልክ ይህን ያህል የመጠበቅ ዕድል የለውም።

ከዚያ በኋላ የስህተት ምንጮችን አንድ በአንድ መልቀም ይመጣል። ሳተላይቱ «ያለሁት እዚህ ጋ ነው» ሲል እስከ አንድ ሜትር ገደማ ሊሳሳት ይችላል። በዓለም ዙሪያ የተተከሉ ጣቢያዎች ግን ሳተላይቱን ራሱን ይከታተሉታል፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም የት እንደነበረ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ድረስ የታረመ መረጃ በነጻ ይወጣል። ተመራማሪው ይህን ይጠብቃል። የከባቢ አየሩም ነገር አለ። አየር ሞገዱን ስለሚያዘገየው፣ በባሕር ጠለል ላይ ሳተላይቱ ከእውነቱ ከሁለት ሜትር በላይ የራቀ ይመስላል፤ ይህም ተሰልቶ ይቀነሳል።

ከሁሉም የሚገርመው ግን የምድር ራሷ መነፋት ነው። ጨረቃና ፀሐይ የባሕርን ውሃ እንደሚስቡት ሁሉ ጠጣሩን መሬትም ይስባሉ። በእኛ ኬክሮስ መሬቱ በየቀኑ እስከ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ቤቱም መንገዱም ተራራውም አብሮ ስለሚነሳ ማንም አይሰማውም። የአምስት ሚሊሜትር እንቅስቃሴ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይህን 30 ሴንቲሜትር አስልቶ ማውጣት አለበት። ደግነቱ የጨረቃና የፀሐይ መንገድ አስቀድሞ በትክክል የሚታወቅ ነገር ነው።

ጣቢያው ምን ይመስላል?

በመጀመሪያ እይታ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ጥሩ የተባለው ዓይነት በተቦረቦረ አለት ውስጥ ገብተው በማጣበቂያ የተያዙ፣ ከላይ አንድ ቦታ የሚገናኙ አራት ወይም አምስት የማይዝጉ የብረት እግሮች አሉት። በላያቸው ሰፊ ሳህን የሚያህል አንቴና ይቀመጣል። አንቴናው ዙሪያውን እርስ በርስ የተከበቡ የብረት ቀለበቶች አሉት፤ ሥራቸው ከመሬትና ከአጥር ነጥሮ ከታች የሚመጣውን ሞገድ ማገድ ነው። ከዝናብና ከወፍ የሚከላከል ነጭ ክዳን ይደፋበታል። ወረድ ብሎ አንድ የብረት ሳጥን፣ በውስጡ መቀበያውና ባትሪው፣ አጠገቡ ሶላር ፓኔል። ኔትወርክ ባለበት ሲም ካርድ ይገባለታል፤ በሌለበት ሰው በየወራቱ ሄዶ መረጃውን ይገለብጣል።

አለት የሚለው ቃል እዚህ ጋ ለጌጥ አልገባም። መረሬ አፈር ያለበትን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ ሲሰነጠቅ አይቷል። እንደዚያ ያለ አፈር ላይ የተተከለ ጣቢያ የሚነግረን የአፈሩን እብጠት ነው፤ ስለ ምድር ቅርፊት የሚለው የለም። ሕንጻ ጣሪያ ላይ የሚተከሉም አሉ፤ መብራትና ጥበቃ እዚያው ስለሚገኝ ይመረጣሉ። ለቅየሳ ሥራ ይበቃሉ፤ ለምድር ሳይንስ ግን የሕንጻውን በሙቀት መለጠጥና ቀስ በቀስ መስመጥ አብረው ይለካሉ።

በየጊዜው ተሂዶ የሚለካበት ሌላ ዘዴም አለ። አለት ላይ የብረት ምልክት ይተከላል፤ ቡድኑ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ አቁሞ ለተወሰኑ ቀናት ይለካና አንስቶ ይሄዳል፤ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ምልክት ይለካል። ርካሽ ነው፤ በአንድ መሣሪያ ብዙ ቦታ ይዳረሳል። በሁለቱ ጉብኝቶች መካከል የሆነው ነገር ግን አይታይም።

መሬት የሚንቀሳቀሰው ከምን አንጻር ነው?

ዜና ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አዲስ አበባ ከመላው ዓለም አንጻር ሲለካ በዓመት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትሄዳለች። ይህ ግን የስምጥ ሸለቆው መከፈት አይደለም። ከናይሮቢ እስከ ካይሮ ያለው ሁሉ በተቀራራቢ ፍጥነት ወደዚያው አቅጣጫ ይጓዛል።

የምድር ቅርፊት ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሦስቱ ይገናኛሉ፦ ከስምጥ ሸለቆው በምዕራብ ያለው ኑቢያ፣ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ያለው ሶማሊያ፣ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለው ዓረቢያ። ሦስቱ የሚለያዩበት መጋጠሚያ አፋር ነው። የስምጥ ሸለቆውን መከፈት ማወቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ጣቢያ አይበቃውም። አንዱን ለምሳሌ ባሕር ዳር፣ ሌላውን ባሌ ሮቤ ተክሎ የሁለቱን ልዩነት ማስላት አለበት። በዚህ መንገድ ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ እንደሚከፈት ታውቋል። ወደ ሰሜን አፋር ሲዘለቅ ዓረቢያ ከኑቢያ የሚርቅበት ፍጥነት ወደ 2 ሴንቲሜትር ይጠጋል።

ይህን ቁጥር ለማግኘት ረጅም ዘመን ፈጅቷል። ጂኦሎጂስቱ ፖል ሞርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሸለቆው ግራና ቀኝ ነጥቦችን ተክለው በብርሃን ጨረር ርቀታቸውን መለካት ጀመሩ። ጂፒኤስ ከመጣ በኋላ በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች እነዚያኑ ነጥቦች ፈልገው ደግመው ለኩ። ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ስለተገኘ የአሮጌው መሣሪያ ስህተት ብዙም አላስቸገረም። ምልክቶቹ ተነቅለው ወይም ተቀብረው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዘመን ባከነ ነበር።

5 ሚሊሜትር ለማየት ለምን ዓመታት ያስፈልጋል?

የአንድ ጣቢያ ውጤት የሚታየው በአንድ ግራፍ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ነጥብ። አግድም ጊዜው፣ ሽቅብ ጣቢያው ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ላይ የሄደው በሚሊሜትር። ሰው መጀመሪያ ሲያየው ንብ የሰፈረበት ይመስለዋል፤ ነጥቦቹ ከቀን ቀን ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ወደ ጎን ይዘላሉ፤ የከፍታው ደግሞ ከዚያ እጥፍ ይዘላል። የዛሬውን ነጥብ ከትናንቱ አነጻጽሮ «መሬቱ ሄደ» ማለት አይቻልም።

ወራት ሲጠራቀሙ ግን ነጥቦቹ አንድ መስመር ይይዛሉ። በመስመሩ ላይ ደግሞ በየዓመቱ የሚደጋገም ሞገድ ይታያል፤ ክረምት የዘነበው ውሃ መሬቱን በክብደቱ ስለሚጫነው ጣቢያው ዝቅ ይላል፣ በጋ ሲደርቅ ቀና ይላል። ይህን ወቅታዊ ሞገድ ከእውነተኛው ጉዞ ለመለየት ቢያንስ የሁለት ዓመት ተኩል መረጃ እንደሚያስፈልግ ባለሙያዎች ይስማማሉ። ከዚያ በታች በሆነ ጊዜ የወጣ የፍጥነት ቁጥር ሲያጋጥም መጠራጠር ይበጃል።

ይህ ግራፍ ምሥጢር አይደለም። በአሜሪካ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የጂኦዴሲ (የምድርን ቅርጽና እንቅስቃሴ የመለካት ሳይንስ) ቤተ ሙከራ በዓለም ዙሪያ ያሉ ከአሥር ሺህ በላይ ጣቢያዎችን መረጃ እያሰላ ለማንም ክፍት አድርጎታል። አዲስ አበባ ያለውና «ኤዲአይኤስ» በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ጣቢያ እዚያ አለ፤ ሳተላይቶቹን የሚከታተለው የዓለም አቀፉ የጣቢያዎች መረብ አባል ነው። ከተማዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትጓዝ በዓይን ማየት የፈለገ ሰው ገብቶ ማየት ይችላል።

ድንገት ሲከፈትስ?

መስመሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በአፋር ዳባሁ አካባቢ በ1998 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ በተከታታይ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ፣ መስከረም 16 ቀን፣ የደመራ ዕለት፣ ዳኡሬ በተባለ ቦታ መሬቱ ተሰንጥቆ አመድ ተፋ። የራዳር ሳተላይት ምስሎች ሲሰሉ የታየው ነገር ጂኦሎጂስቶችን አስደነገጠ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ገብቶ፣ በሰፊው ቦታ ላይ መሬቱን እስከ 8 ሜትር አራርቆታል።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። በዓመት 2 ሴንቲሜትር የሚለያይ ቦታ 8 ሜትር ለመለያየት 400 ዓመት ያስፈልገዋል። የአራት መቶ ዓመት እንቅስቃሴ በአንድ መስከረም ተጠናቀቀ ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው ንጣፎቹ በሩቅ ሆነው በዝግታና ሳያቋርጡ እንደሚሳቡ፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው መሬት ግን ለዘመናት ተወጥሮ ቆይቶ በአንድ ጊዜ እንደሚለቅ ነው። ሁለቱን ነገር ማየት የሚቻለው የረጅም ጊዜ መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አጋሮቹ በአካባቢው ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያዎችን ተከሉ። እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ድረስ 13 ተጨማሪ ቅልጥ አለት የመግፋት ክስተቶች ሲደርሱ ጣቢያዎቹ መሬቱ በቀናት ውስጥ ሲዘል መዘገቡ። በክስተቶቹ መካከልም መሬቱ ከተለመደው እጅግ በፈጠነ ሁኔታ መራራቁን እንደቀጠለ አሳዩ። ይህም ከሥር ያለው ትኩስ አለት እንዴት እንደሚለጠጥና ቅልጡ ከየት እንደሚቀዳ ለማስላት ያስቻለ መረጃ ነው። ዛሬ ስለ ፈንታሌና ዶፈን እሳተ ገሞራዎች የሚጽፉ ተመራማሪዎች ዳባሁን ደጋግመው የሚያነሱት በዚህ ምክንያት ነው።

እና ውቅያኖስ ሊገባ ነው?

አዎ፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት። በዓመት 5 ሚሊሜትር የሚከፈት ሸለቆ አንድ ኪሎ ሜትር ለመስፋት 200,000 ዓመት ይወስድበታል። «አፍሪካ ለሁለት ልትከፈል ነው» የሚለው የዩቲዩብ ርዕስ ይህን ቁጥር ሲጠራ አልሰማሁም።

የመሬት መንቀጥቀጥን ቀድሞ ይናገራል?

አይናገርም። በዓለም ላይ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ይህን ያህል ይንቀጠቀጣል» ብሎ በአስተማማኝ ሁኔታ መናገር የቻለ መሣሪያ የለም። ከየካቲቱ መንቀጥቀጥ በፊትም በኋላም በቴሌግራም ሲዘዋወሩ የነበሩት «ዛሬ ሌሊት ከባድ ይመጣል» የሚሉ መልእክቶች ከየትኛውም ጣቢያ የወጡ አልነበሩም።

ጣቢያው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ውጥረቱ የት የት እንደሚከማችና በምን ፍጥነት እንደሚከማች ያሳያል። ይህም መሐንዲሶች ለግድብ፣ ለድልድይና ለፎቅ የሚጠቀሙበትን የአደጋ ካርታ ለማዘጋጀት ይውላል። ለእሳተ ገሞራ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር ይሰጣል፤ ቅልጥ አለት ወይም ትኩስ ፈሳሽ ከሥር ሲጠራቀም ተራራው ያብጣል፣ ዙሪያውን ያሉ ጣቢያዎችም ከመሃሉ እየራቁ ወደ ላይ ይነሳሉ። በሐዋሳና በሻሸመኔ አቅራቢያ ያለው ኮርቤቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በዓመት እስከ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ሲነሳ በራዳርም በጂፒኤስም ታይቷል። ይህ ማለት ኮርቤቲ ሊፈነዳ ነው ማለት አይደለም፤ ለዓመታት አብጠው ሳይፈነዱ የረጉ ብዙ ናቸው። የዝዋይና የላንጋኖ ሐይቆች የሚያዋስኑት አሉቶም ሲነሳና ተመልሶ ሲወርድ ተለክቷል። ሁለት ትልልቅ ከተሞች አጠገብ ያለ እሳተ ገሞራ ግን ሲያብጥ አለማወቅ አይሻልም።

መንቀጥቀጡ ከጀመረ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ውስጥም ጣቢያዎቹ ጥቅም አላቸው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ጃፓንን የመታው መንቀጥቀጥ መጠኑ 9 ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የወጣው ግምት ግን 7.9 ነበር፤ የሱናሚው ማስጠንቀቂያም በዚያው ልክ አነሰ። መንቀጥቀጥን የሚመዘግቡ መሣሪያዎች የመሬቱን መርገብገብ ይይዛሉ፤ እጅግ ግዙፍ የሆነውን በፍጥነት መመዘን ይከብዳቸዋል። ጃፓን ከ1,000 በላይ ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያዎች አሏት፤ በዚያን ዕለት ኦሺካ ልሳነ ምድር ላይ ያለው ወደ ምሥራቅ 5.3 ሜትር ሄዶ 1.2 ሜትር ሰመጠ። ያ መረጃ እዚያው በዚያው ተሰልቶ ቢሆን ኖሮ የመንቀጥቀጡን እውነተኛ ግዝፈት ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር። በዚህ ምክንያት ከዚያ ወዲህ የጂፒኤስ መረጃን በቅጽበት ማስላት በጃፓንም በአሜሪካም ትልቅ ሥራ ሆኗል።

ለአንዱ ስህተት የሆነው ለሌላው ምርምር

ቀደም ሲል ከባቢ አየሩ ሞገዱን እንደሚያዘገይ ጠቅሻለሁ። ጂኦሎጂስቱ ይህን መዘግየት አስልቶ ይጥለዋል፤ የአየር ሁኔታ ባለሙያው ግን የሚፈልገው የተጣለውን ነው። ከመዘግየቱ ውስጥ የተወሰነው የሚመጣው በአየር ላይ ካለው የውሃ ተን ስለሆነ፣ ጣቢያው ከበላዩ ያለውን እርጥበት በየደቂቃው ይመዝናል፤ ለዝናብ ትንበያም ይሆናል።

ሁለተኛው አዮኖስፌር ነው። ይህ ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ያለው፣ በፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ክፍል ነው። የተለያየ ሞገድን በተለያየ መጠን ስለሚያዘገይ፣ ጣቢያዎች ሁለት ሞገድ በአንድ ላይ በመቀበል ተጽዕኖውን ያስወግዳሉ። ለኢትዮጵያ ይህ ልዩ ጉዳይ ነው፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው። እዚህ አዮኖስፌር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይረበሻል፤ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም ወራት ፀሐይ ከገባች በኋላ መቀበያዎች ሳተላይቱን እስኪያጡ ድረስ ምልክቱ ይርገበገባል። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም የመግነጢስ ልኬት አንዱ ዋና ሥራው የሆነው በዚህ አቀማመጥ ምክንያት ነው። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የሕዋ ሳይንስ ተመራማሪዎች ይህንኑ በጂፒኤስ መረጃ ያጠናሉ። አመሻሽ ላይ ውድ የቅየሳ መሣሪያው «አልይዝም» ያለበት ቀያሽ መሣሪያው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። በብራዚል አማዞን መካከል ማናውስ ከተማ ያለው ጣቢያ ወንዙ ሲሞላና ሲጎድል በየዓመቱ ከ50 እስከ 75 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ይነሳል። በአሜሪካ ምዕራብ እ.ኤ.አ. በ2014 በነበረው ድርቅ መሬቱ ከውሃው ክብደት ተገላግሎ በካሊፎርኒያ ተራሮች እስከ 15 ሚሊሜትር ከፍ ብሏል። ከምድር በታች ያለን ውሃ ሳይቆፍሩ መመዘን ይቻላል ማለት ነው።

የራዳር ሳተላይት ካለ ጣቢያ ለምን?

ራዳር ሰፊውን አገር በአንድ ጊዜ ያያል፤ ግን በቀናት ልዩነት ተመልሶ ሲመጣ ብቻ ነው። «ሴንቲነል-1» ከሚባሉት የአውሮፓ የራዳር ሳተላይቶች እያንዳንዱ በየ12 ቀኑ ነው የሚመለሰው። ጣቢያው አንዲት ነጥብ ብቻ ያያል፤ ግን በየሰከንዱ፣ በሦስቱም አቅጣጫ። በፈንታሌም ሆነ በዳባሁ ራዳሩ ቅርጹን ሰጠ፤ መሬቱ በየትኛው ሰዓት እንደዘለለ የሚነግር ግን አጠገቡ ያለ ጣቢያ ነው። በተቃራኒው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሲደርስ፣ መንገድ በሌለበት ቦታ ቀድሞ የሚያይ ሳተላይት እንደሆነም አይተናል።

ጣቢያ ለምን ይሞታል?

ባትሪው ያረጃል። ሶላር ፓኔሉ ይሰረቃል። መብረቅ ይመታዋል። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ያድግና ሰማዩን ይከልልበታል፤ ወይም ባለ አራት ፎቅ ይሠራበታል። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ጣቢያው የሚጠቅመው ግን ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ነው። በእኔ አስተያየት የአገራችን ዋና ችግር የጣቢያ ቁጥር ማነስ አይደለም፤ የተተከለው ሳይቋረጥ አለመቆየቱ ነው።

ከዚህም የረቀቀ አሟሟት አለ። አንቴናው ይበላሽና ሌላ ሞዴል ይተካል። የአዲሱ አንቴና የመለኪያ ነጥብ ከአሮጌው በጥቂት ሚሊሜትር ይለያል። ግራፉ ላይ ነጥቦቹ በዚያ ቀን ደረጃ ሠርተው ይዘላሉ፤ ልክ ትንሽ መንቀጥቀጥ እንደደረሰ። የለወጠው ሰው ቀኑንና የአንቴናውን ዓይነት ከመዘገበ ችግር የለም፣ ይታረማል። ካልመዘገበ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ግራፉን የሚያየው ተማሪ መሬቱ ይሁን ሰው ያንቀሳቀሰው ማወቂያ የለውም። ለዚህ ሲባል በአግባቡ የተያዘ ጣቢያ ሁሉ የራሱ የታሪክ ማኅደር አለው፤ ማን ምን እንደነካ፣ መቼ፣ የትኛው ቁጥር ያለው ዕቃ ገብቶ የትኛው እንደወጣ ይጻፍበታል።

አሁን በየከተማው የሚተከሉት ጣቢያዎች በብዛት ለቅየሳ የታሰቡ ናቸው። የሕዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሚመራው መረብ ለይዞታ ልኬት፣ ለመንገድና ለግንባታ ቀያሾች ቅጽበታዊ ማረሚያ ለመስጠት ነው። ቀያሹ የሚፈልገው የዛሬውን ነው፤ ማረሚያው ከተላከ በኋላ ጥሬው መረጃ ለእሱ ምንም አይፈይድለትም። የምድር ተመራማሪው ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ጥሬ መረጃ ነው፤ ሳይቆራረጥ፣ ከእነ ማኅደሩ። በየ30 ሰከንዱ የተመዘገበ የአንድ ጣቢያ የአንድ ቀን ፋይል ሲታመቅ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው።